የአዳዳ ድርቤ ነጭ አፈር

ጭቃው አሁንም ጭቃ ነው።

ኬኔ በማንኪያው ጀርባ ጫን አደረገችው። ማንኪያው ሰጠመ። ስልኳን አየች፤ አርባ ደቂቃ አልፏል። መጽሐፉ እንደሚለው ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ድንጋይ መጠንከር ነበረበት። ይህ ሦስተኛ ሙከራዋ ነው። በመጀመሪያው እሳቱ በዝቶበት ይሆናል ብላ ነበር፤ በሁለተኛው ውኃው። ለሦስተኛው ግን ሰበብ አላገኘችለትም።

«አንቺ ልጅ፣ የድስቴን ክዳን የት አደረስሽው?» አለች እናቷ ዘርፈሽ ከውስጥ።

«እየሠራሁበት ነው።»

«ከሰሌንም ፈጅተሽዋል። መቼ ነው የሚያልቀው ይኼ ሥራሽ?»

«እኔስ በምን አውቃለሁ!» ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። እናቷ በበሩ ብቅ ብላ አየቻትና ራሷን ነቅንቃ ተመለሰች። ይህ ደግሞ ከቁጣ የባሰ ነበር። ኬኔ የክዳኑን ጭቃ ቆሻሻ መድፊያው ላይ ገለበጠችና ክዳኑን ማጠብ ጀመረች። ነጩ አፈር እጇ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ኬኔ ጋሩማ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሚኖሩት ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ነው። የአፈሩ ነገር የተጀመረው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ዲጋ፣ በኦሮምኛ «አዳዳ»፣ አክስቴ፣ የምትላቸው የአባቷ እህት ድርቤ ቤት ነው። አዳዳ ድርቤ በየዓመቱ ከወንዝ ዳር «ቢዮ አዲ» የሚባለውን ነጭ አፈር ቆፍረው ያመጣሉ፤ ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው ግድግዳቸውን ይቀቡበታል። ጎረቤቶቻቸውም እንደዚያው ያደርጋሉ። ዘንድሮ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሌላ ጉዳይ መጥታ ሳላቸውን ሰማች፤ ሙቀጫው አጠገብ የተቆለለውን ነጭ ዱቄትም አየች።

«አንዳንድ አፈር ውስጥ ዓይን የማያየው፣ እንደ ክር የቀጠነ ማዕድን ይኖራል» አለቻቸው። «አቧራው ሳንባ ከገባ ተመልሶ አይወጣም። የእርስዎ አፈር እንደዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም። እስኪታወቅ ግን አይውቀጡት።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?» አሉ አዳዳ ድርቤ።

«ላብራቶሪ ነው» አለች ሠራተኛዋ። ያን ቀን እዚያ የነበረችው ኬኔ ግን «እኔ አስመረምርልዎታለሁ» አለች። ለምን እንደዚያ እንዳለች እስከ ዛሬ አታውቅም። አፏ ቀደማት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከመጠበቅ ጋር ትግል ነበር። የኬሚስትሪ መምህራቸው ጫንያለው ከጎጃም የመጡ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ናቸው። አብሯቸው የተማረ ይስማው የሚባል ጓደኛቸው አዲስ አበባ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ እዚያም የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ማሽን አለ። ቲቸር ጫንያለው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ነጥቦችን በረድፍ በረድፍ እየደረደሩ ለተማሪዎቹ አስረዱ። በማዕድን ውስጥ አተሞች የሚደረደሩት እንዲህ ነው። ማሽኑ ዱቄቱ ላይ ኤክስሬይ ሲለቅበት ጨረሩ በተወሰኑ ማዕዘኖች ብቻ በርትቶ ይወጣል፤ በእነዚያ ማዕዘኖች ግራፉ ላይ ሹል ጫፍ ይነሣል። የአንዱ ማዕድን ጫፎች ከሌላው ጋር አንድ አይሆኑም፤ ስለዚህ የጫፎቹን ቁጥር ከዝርዝር ጋር እያመሳከሩ ስሙን መለየት ይቻላል። «አሻራ በሉት» አሉ ቲቸር። «የድንጋይ አሻራ።»

ሥራውን ኬኔና የክፍል ጓደኛዋ ሐሴት ተካፈሉት። ሐሴት ከሦስት ዓመት በፊት በአባቷ ዝውውር ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ከኦሮምኛ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጣ ክፍሉ የሚስቅበትን ቀልድ ሁሉ በጆሮዋ ስትተረጉምላት የነበረችው ኬኔ ናት። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ኬኔ አፈሩን ከዲጋ አመጣች፤ ጽሑፉም የእሷ ድርሻ ሆነ። እጇ ጥንቁቅ የሆነው ሐሴት ደግሞ በትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ አፈሩን ፈጭታ፣ በወንፊት ነፍታ፣ በትንሽ ጠርሙስ ሞልታ ለቲቸር አስረከበች። ጠርሙሱ አዲስ አበባ ሄደ። ሰባት ሳምንት ጠበቁ።

ውጤቱ የመጣው ሰኞ ዕለት በቴሌግራም ነው። ማክሰኞ ኬኔ፣ ሐሴትና ቲቸር ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። ሦስት ረጃጅም ጫፎች ነበሩ፤ አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት ላይ፣ ሃያ ነጥብ ሰባት ላይ፣ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አንድ ላይ። ቲቸር ዝርዝሩን ወደ ታች ጎተት አድርገው ቆሙ።

«ጂፕሰም!» አሉ። «ወለል ብሎ ታየ። ሳንባ የሚያበላሽ ክር የለበትም።»

«እነዚህስ?» አለች ኬኔ። ከረጃጅሞቹ ሥር ሁለት አጫጭር ጫፎች ነበሩ፤ ዘጠኝ ነጥብ አምስትና ሃያ ስምንት ነጥብ ስድስት ላይ። አሥር ነጥብ አምስት አካባቢ ደግሞ ጫፍ ይሁን የማሽኑ መንቀጥቀጥ የማይለይ እብጠት አለ። በጂፕሰም ዝርዝር ውስጥ አንዳቸውም የሉም።

«ቆሻሻ ይሆናል። አፈር መቼ ንጹሕ ሆኖ ያውቃል?»

ኬኔ ዝርዝሩን ልትቀጥል ስትል መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ የቆየው ስድስት ደቂቃ ነው። ቲቸር ግን ወዲያው ለርዕሰ መምህሩ ነገሩ፤ አርብ በሚከፈተው የዞኑ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ላይ የኬኔና የሐሴት ጠረጴዛ መግቢያው አጠገብ እንዲሆን ተወሰነ። ያን ዕለት ማታ ኬኔ ዲጋ ደወለች። «ጂፕሰም ነው አዳዳ፣ ችግር የለውም።» አዳዳ ድርቤ በስልኩ ውስጥ እልል አሉ። እሑድ የጸሎት ቡድኑ ተራ የእሳቸው ቤት ነበርና ግድግዳው ሊደርስላቸው ነው።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ኬኔ መጽሐፉን ከፍታ ያነበበችው። ጂፕሰም ተፈጭቶ፣ በእሳት ግሎ በውኃ ቢለወስ ይጠነክራል። ከዲጋ ስትመጣ ለማስታወሻ ያስቀረችው አንድ እንቁላል የሚያህል ጓል መደርደሪያዋ ላይ ነበረ። እሱን ነው ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ በሦስት ሙከራ የጨረሰችው። ሦስቱም ጭቃ ሆነው ቀሩ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ላብራቶሪ ውስጥ ለቲቸር ነገረቻቸው። ሐሴት ከጎናቸው ሆና የኤግዚቢሽኑን ሰሌዳ በቀይ ማርከር ታደምቃለች። «ከዲጋ ወንዝ ዳር የተገኘ ጂፕሰም» ይላል ርዕሱ፤ ከሥሩ «ለጤና ጉዳት የለውም»።

«አልጠነከረም?» ቲቸር ጫንያለው ግንባራቸውን አከኩ። «እሳቱን አብዝተሽው ይሆናል።»

«አንዱን በደንብ፣ አንዱን በትንሹ፣ አንዱን መካከለኛ አድርጌ ነው የሞከርኩት። ቲቸር፣ በእውነት መረረኝ። ግራፉ አንድ ነገር ይላል፣ አፈሩ ሌላ ነገር ይላል።»

«ብቻውን አትሞክሪዋ። ጂፕሰም መሆኑ የታወቀ ነገር አብረሽ ሞክሪ። ያ ከጠነከረ ስሕተቱ ያንቺ አይደለም።»

«ከየት አመጣለሁ?»

ቲቸር ሳቁ። «እጅሽ ሥር ነው ያለው። እዚህ የምንጽፍበት ጠመኔ ራሱ ጂፕሰም ነው። ከካርቶኑ አንድ ሁለት ውሰጂ።»

«ቲቸር፣ ጊዜ የለንም እኮ!» አለች ሐሴት ቀና ብላ። ማርከሩ ከእጇ ወደቀ። «ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው። ሰሌዳው አላለቀም። አሁን ጠመኔ መጥበስ ምን ይሠራል?»

«ሃያ ደቂቃ ነው» አሉ ቲቸርና ሰዓታቸውን አይተው ወደ ስብሰባ ወጡ።

ኬኔ ሁለት ጠመኔ አንስታ ሙቀጫው ውስጥ ሰበረች። የሐሴት ድምፅ ከልክ በላይ ፈጥኖ እንደነበረ ገብቷታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ጠመኔውን ፈጨች፤ በስፒሪት ላምባው ላይ አገላብጣ አጋለችው። ቀዝቀዝ ሲል በውኃ ለወሰችው። ሐሴት ማርከሩን አላነሣችም። መስኮቱ አጠገብ ቆማ ሜዳውን ትመለከታለች።

አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ማንኪያው አልገባ አለ። ኬኔ በጥፍሯ ቆነጠጠችው። ድንጋይ ሆኗል።

የተፈጨውን ጠመኔ ትራፊ አየች። ነጭ ነው፤ ልክ እንደ አፈሩ ነጭ። ጣቷ ላይ አድርጋ አሸችው። አያንሸራትትም፤ ይሻክራል። ከዚያ ማክሰኞ የገለበጠችውን ግራፍ ከደብተሯ አወጣች። ሦስቱ ረጃጅም ጫፎች የጂፕሰም ናቸው። ጂፕሰም ደግሞ ዲጋ ወንዝ ዳር አልነበረም። እዚህ ካርቶን ውስጥ ነበር።

«ሐሴት።»

ሐሴት አልዞረችም።

«ጠርሙሱ ውስጥ ምን ነው የጨመርሽው?»

ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይዘው ይጯጯኻሉ።

«ወደቀብኝ» አለች ሐሴት በመጨረሻ። «ነፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ክርኔ መታውና ወለሉ ላይ ተበተነ። የተረፈኝ ግማሽ ማንኪያ ነው። የቲቸር ጓደኛ ደግሞ ሙሉ ጠርሙስ ይሁን ብሏል። ዕቃውን የሚወስደው ሰውዬ በዚያው ከሰዓት ነበር የሚሄደው። አንቺ ደግሞ ዲጋ ወንዙ ሞልቷል፣ አሁን መቆፈር አይቻልም ብለሽኝ ነበር...»

«ስለዚህ ጠመኔ ሞላሽበት።»

«ነጭ ነጭ ነው ብዬ ነው! ማሽኑ እንደዚህ ይለያል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

«ሐሴት፣ ማሽኑ የተፈጠረው እኮ ለዚያ ነው!»

ኬኔ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሰባት ሳምንት። የድስት ክዳን፣ ከሰል፣ ከእናቷ ጋር መነታረክ። ረቡዕ ዕለት ሰነፍ ነኝ፣ አንድ ቀላል ሙከራ እንኳን አልችልም ብላ ራሷን ስትረግም አምሽታለች። ሐሴት ደግሞ ይኼን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር።

«ትናንት ደውዬልሽ ነበር» አለች። «አልጠነከረም ብዬሽ አለቀስኩ። ምን አልሽኝ? ‹አታካብጂ፣ ውጤቱን አግኝተናል› አልሽኝ።»

ሐሴት ዓይኗ ዕንባ ሞላ። «ፈራሁ። ቲቸር ያን ያህል ደስ ብሏቸው፣ ርዕሰ መምህሩም... አባቴ ሲሰማ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ። ማሎ ኬኔ፣ እባክሽ። ነገ ብቻ ይለፍ። ለአክስትሽ አሁኑኑ ደውዪና አይቀቡ በያቸው፤ እሳቸው ምንም አይሆኑም። ቲቸርን ከኤግዚቢሽኑ በኋላ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ማሎ።»

ኬኔ መጀመሪያ ያደረገችው ስልኳን ማውጣት ነው። ኔትወርክ የለም። ወደ ሜዳው ወጣች፤ በአራተኛው ሙከራ አዳዳ ድርቤ አነሡ።

«ኬኔ ኮ! አካም ጅርታ?»

«ደህና ነኝ አዳዳ። አፈሩን ወቅጠውታል?»

«ዛሬ ጠዋት ጨረስኩት። የፊቱን ግድግዳ ግማሽ ቀብቻለሁ። ነጭ ወተት መስሏል!» ከዚያ ሳሉ። ኬኔ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቀች።

«አዳዳ፣ ተሳስቻለሁ። ጂፕሰም አይደለም። ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። የቀረውን አይንኩት፤ ዱቄቱን ውኃ አርከፍክፈውበት ይሸፍኑት።»

«ማክሰኞ ችግር የለውም አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ሐሙስ ችግር አለው ትይኛለሽ።»

«አላውቅም ነው የምልዎት አዳዳ።»

«እሑድ ሰው ሲመጣ ግማሽ ግድግዳ ላሳይ ነው?» አሉ አዳዳ ድርቤ። የተናደዱት በእሷ መሆኑ ይታወቃል። «ለጎረቤቶቼም ሁሉ ነግሬያለሁ፤ የወንድሜ ልጅ መርምራ ጂፕሰም ነው አለች ብዬ።» ቻው ሳይሏት ዘጉት።

ኬኔ ሜዳው ዳር ቆማ ቀረች። ሐሴት ያለችው እውነት ነው፤ አዳዳ አሁን አይቀቡም። ነገ በሰላም ቢያልፍ ማንም አያውቅም። ሰሌዳው ያምራል። አንደኛ የወጣ ለክልሉ ውድድር አዳማ ይሄዳል፤ ኬኔ አዳማን አይታ አታውቅም። ሰሌዳው ላይ ስሟ ከላይ ነው የተጻፈው። ነገር ግን ያን ኤግዚቢሽን የሚያየው ማን ነው? ከዲጋም ከኡኬም ተማሪው፣ መምህሩ፣ ወላጁ ይመጣል። መግቢያው ላይ «ለጤና ጉዳት የለውም» የሚለውን ያነብባል። የሚያነብበውን ሰው ሁሉ ስልክ ቁጥር ደግሞ እሷ የላትም።

ወደ ላብራቶሪው ተመለሰች። ሐሴት ሰሌዳው አጠገብ ተቀምጣለች።

«ቲቸር ጋ ልገባ ነው» አለች ኬኔ። «አሁን። ናሙናው ጠመኔ አለበት እላቸዋለሁ። እንዴት ገባ ሲሉኝ ግን የምመልሰው እኔ አይደለሁም።»

«አብረን እንግባ እያልሽኝ ነው?»

«እየነገርኩሽ ነው። መምጣት አለመምጣት ያንቺ ነው።»

ኬኔ ወደ መምህራን ክፍል ስትሄድ ወደ ኋላ አላየችም። በሩን ስታንኳኳ ግን ከጀርባዋ የጫማ ድምፅ ሰማች።

ቲቸር ጫንያለው ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ሐሴት ጨርሳ ሲመልሱላት ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ ለመስማት ጠጋ ማለት አስፈለገ። «ዱቄቱ ስለ ተደፋ ሰው አይሞትም ነበር» አሏት። «በዚያች ደቂቃ ብትነግሪኝ ሌላ አፈር እናመጣ ነበር፤ በቃ። አሁን ግን የይስማውን ማሽን፣ የኬኔን ልፋት፣ የእኔንም ስም በጠመኔ አበላሸነው።» ከዚያ ወደ ኬኔ ዞሩ። «እኔም ጥፋተኛ ነኝ። እነዚያን አጫጭር ጫፎች ስታሳዪኝ ቆሻሻ ናቸው ብዬ አለፍኳቸው። ቆሻሻው ረጃጅሞቹ ነበሩ።»

«አጫጭሮቹስ የምን ናቸው ቲቸር? የአፈሩ ከሆኑ ስሙን መለየት አንችልም?»

ዝርዝሩን ከፍተው አብረው አዩ። ዘጠኝ ነጥብ አምስት ታልክ የሚባለው ልስልስ ማዕድን ነው። ሃያ ስምንት ነጥብ ስድስት ግን የታልክም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ክር የሚሰነጣጠቀው የትሬሞላይትም ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው አሥር ነጥብ አምስት ላይ ያለው ጫፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ጫፍ መሆኑ እንኳን ያጠራጥራል።

«ስለዚህ አለ ማለትም የለም ማለትም አንችልም» አሉ ቲቸር። «ንጹሕ ናሙና ያስፈልጋል። ከጉድጓዱ ከሦስት የተለያየ ቦታ።»

ወዲያው ለይስማው ደወሉለት። ማሽኑ በተራ ነው የሚሠራው፤ የሚቀጥለው ክፍት ቀን ከአሥር ሳምንት በኋላ ነው። ኬኔ ቁጥሩን ስትሰማ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ።

አርብ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። መግቢያው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ለዘጠነኛ ክፍሎች ውኃ ማጣሪያ ተሰጠ። ኬኔ በዚያ በኩል አላለፈችም። ሐሴት ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ እሷ መጥታ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ኬኔ ዴስክ ቀየረች። ማዳመጥ የምትችል አልመሰላትም።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገብታ ለቅዳሜው ጉዞ ተዘጋጀች። ወንዙ ጎድሏል። ሦስት አዳዲስ ፌስታሎች ላይ «ላይኛው»፣ «መካከለኛው»፣ «ታችኛው» ብላ ጻፈች። ከፋርማሲ ማስክ ገዝታለች፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለአዳዳ ድርቤ፣ ካልተቆጡና ካደረጉላት። ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን ወንፊት በሳሙና አጠበችው።

ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። ሐሴት ናት።

«ነገ ዲጋ ትሄዳለች አሉ ቲቸር። ለአባቴ ነግሬዋለሁ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንድ ወር ስልክ አይሰጠኝም፣ ይኼ የመጨረሻ መልእክቴ ነው። ብመጣ ይከፋሻል?»

ኬኔ «አያስፈልግም» ብላ ጻፈች። አልላከችውም። አጠፋችው። «እንደፈለግሽ» ብላ ጻፈች። እሱንም አጠፋችው። እናቷ በበሩ አልፋ፣ የድስቷ ክዳን በቦታው መኖሩን አረጋግጣ ሄደች። ኬኔ ስልኩን አስቀመጠችና ወንፊቱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ከቀዳዳዎቹ ጥጋጥግ የሆነ ነጭ ነገር ገና አለ። ጠመኔ ይሁን አፈር በዓይን አይለይም።

ስልኩን መልሳ አነሣች።

«አንድ ተኩል መናኸሪያ» ብላ ጻፈች። «ማስክ ያዢ። መቆፈሩን አብረን እንቆፍራለን። የምፈጨውም የማሽገውም ግን እኔ ነኝ።»

ላከችው። ከዚያ ውኃ ቀይራ ወንፊቱን እንደገና ማጠብ ጀመረች።